ከመኖው ጋር የተሰቀለው ሽማግ

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ቀድሞ ገባ። ዝናብ ሊጥል ሲገባው ሰማዩ አመድ መስሎ ቆመ። አቧራ ነፈሰ። በአል-ዓሪዳ የጉድጓዶቹ ውኃ ወረደ፤ የቀረውም ጨው ጨው አለ። ከድንበሩ ማዶ፣ በየመን፣ መድፍ ይጮኻል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ፍየሎች ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር ገብተው ተኙ። በአቡ ጃቢር እርባታ ዶሮ ረገፈ። መጀመሪያ ቀበሩት። ጉድጓዱ ሲሞላ አቃጠሉት። በመጨረሻ ሰው ሞተ።

የሞተው የሠራተኞቹ አለቃ አባተ ነው።

የእርባታው ባለቤት አቡ ጃቢር ራሱ መኪናውን እየነዳ መጥቶ ሸዋዬን ከክሊኒኩ በር ወሰዳት። ሸዋዬ ቀድሞ ኮምቦልቻ በወንጀል ምርመራ ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበረች። አሁን ክሊኒኩን ታጸዳለች፤ ሐበሻ ሲያዝ ደግሞ ለሹርጣው፣ ለፖሊሱ፣ ታስተረጉማለች። ሰው ሲናገር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች እንጂ እሷ ብዙ አትናገርም።

«የገደለው ልጅ ታስሯል» አላት በዓረብኛ። «ቃሉን ተቀበዪልኝ። ሹርጣ ጠርቻለሁ፤ ግን ወታደሩ ዋናውን መንገድ ዘግቷል። ሲከፈት ነገሩ አልቆ ይጠብቃቸው።»

«ገዳዩ ከታወቀ ምን አስቸኮልዎት?»

አቡ ጃቢር መሪውን እያየ ከጥያቄዋ ሌላ ነገር ተናገረ።

«አባቴ ኮከብ ቆጥሮ ይዘራ ነበር። ኮከቡ ዛሬም በቦታው ይወጣል። ተከትሎት የሚመጣው አየር ግን የድሮው አይደለም። ምን ልሥራ? እኔም ደክሞኛል።»

ሬሳው በዶሮ ቤቱ ጥላ፣ የመኖ ጆንያ ለብሶ ተጋድሟል። ሸዋዬ ጆንያውን ገለጠች። ግንባሩ አብጦ ቆዳው ተሰንጥቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ከሥራቸው አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ቀና ብላ የዶሮ ቤቱን የብረት በር ተመለከተች። አረንጓዴ ነው። ጆንያውን መልሳ አለበሰችው።

«ልጁን አሳዩኝ።»

ያሬድ በመኖ መጋዘኑ ውስጥ ከምሰሶ ጋር ታስሯል። በየመን በኩል ያለ ወረቀት የገባ ወጣት ነው፤ እዚህ እርባታ ከመጣም ብዙ አልቆየ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ደም አለበት።

«እትዬ፣ ጋሽ አባተን አልገደልኳቸውም! በእናቴ!»

«ቀስ በል። ደሙ ከየት መጣ?»

«በሩን ስከፍት ተደግፈውት ነበር፤ ወደቁብኝ። ግንባራቸው ደረቴ ላይ አረፈ።»

«በሩ ተቀርቅሮ ነበር?»

«አልነበረም። ሳብ ሳደርገው ተከፈተ።»

«አየህ፣ የሚያስጠረጥርህ እሱ ነው። በሩ ካልተቀረቀረ ሰውየው ለምን አልወጣም ይሉሃል።»

«እኔም ራሴን እሱኑ ነው የምጠይቀው።»

«ትናንት በጥፊ መትቶሃል አሉ።»

«መትተውኛል። ትንፋሽ አጥሮኝ በሩን ብከፍተው። ደሞ ለጥፊ ሰው ይገደላል እንዴ? በጥፊ ቢሆን የሠፈራችን መምህር ስንቴ በሞቱ ነበር!»

ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ከሙቀቱ የተነሳ የቀን ሥራ ቀርቷል፤ ሌሊት ሠርተን ከነጋ በኋላ ነው የምንተኛው። ስነቃ ማራገቢያው አይሰማም። ሮጬ ሄድኩና ከፈትኩት።»

«የዶሮዎቹ መኖ መስመር ቀን ቀን ወደ ላይ ይሳባል አሉ። ለምንድን ነው?»

ያሬድ ግራ ገባው። «ለመጥረግ መሰለኝ። እኔ የሞተ ዶሮ ነው የምለቅመው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እትዬ፣ ይሰይፉኛል? ከባሕሩ ተርፌ፣ ሐረድ ድንበር ላይ ከጥይት ተርፌ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ልሰየፍ?»

ሸዋዬ የማትችለውን ነገር ቃል አትገባም። «ውኃ ይስጡህ» ብላ ወጣች።

ናሁሰናይ በር ላይ ይጠብቃታል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የውኃ ቦቴውንም የሚነዳው እሱ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ቶሎ ጠይቂኝ። ነገር ስጠብቅ ሆዴ ይነፋል።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ገና ሲነጋጋ ወጥቼ ውኃ ቀዳሁ። ስመለስ ኬላው ላይ ወታደሮቹ አገቱኝ። ሙሉ ቦቴ ውኃ ተሸክሜ በጥም ልሞት! ስመጣ አባተ ሞቷል፣ ያሬድ ታስሯል፣ ጄኔሬተሩም እንደጠፋ ነው። በመድፉ ምክንያት ጠዋት መብራት ሄዶ ኖሯል። ነዳጁን እኔው ሞልቼው ነበር የሄድኩት፤ ገመዱን ስስበው ወዲያው ተነሳ።»

«ስትወጣ አባተን አየኸው?»

«ውስጥ ነበር። ዶሮዎቹ ይበላሉ፣ እሱ መሀላቸው ይሄዳል። በበሩ ብቅ ብል "ዝጋ! አየሩን አታባክን!" ብሎ ጮኸብኝ። ዘጋሁለት።»

«ቀረቀርከው?»

«ሰው ውስጥ እያለ መቀርቀር የሱ ሥራ እንጂ የኔ አይደለም።»

ሸዋዬ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ናሁሰናይ በእጁ እያሳየ አስረዳት።

«በፊት ይሄ ቤት ጎኑ ሽቦ ነበር፤ ነፋሱ ይበቃን ነበር። ሙቀቱ ሲብስ ዝግ አድርገው ሠሩት። በዚያ ጫፍ ውኃ የሚወርድበት ግድግዳ፣ በዚህ ጫፍ ማራገቢያ። አየሩ በእርጥቡ ግድግዳ ብቻ ካልገባ ዶሮው ያልቃል። ልጆቹ ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በር ይከፍታሉ። ስለዚህ አባተ ከውጭ መቀርቀሪያ አስበየደ። የሞተውን ለቅመው እስኪጨርሱ ይቀረቅርባቸዋል።»

«ለዶሮው ብሎ።»

«ለዶሮው ብሎ።» ናሁሰናይ ቀልዱ ጠፋው። «አምና ከሚል የሚባል ልጅ እንደተቀረቀረበት ሞተ። ወረቀት አልነበረውም። ከጓሮ ግራሩ ሥር ቀበርነው። ሹርጣም አልሰማ። መቀርቀሪያውን አንሱት ብዬ ነበር፤ "ዶሮ ሲያልቅ አንተ ትተካለህ?" አለኝ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አብዛኞቹ ዶሮዎች ክንፋቸውን እንደዘረጉ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ረግፈዋል። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ቀለሙ በጥፍር ተጭሯል፤ በሰው ቁመት ልክ ደግሞ ደም አለ። ሸዋዬ ብዙ አልቆየችበትም። ቀና ብላ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

የመኖ ሳህኖቹ ያሉበት ረጅም መስመር በሽቦ ተስቦ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል። መስመሩ ላይ ቀይና ነጭ የራስ ጥምጥም፣ ሽማግ፣ ተጥሏል።

«የማን ነው?»

«የአባተ። ሲሞቀው ከራሱ ፈትቶ ያገኘው ላይ ይጥለዋል።»

ሸዋዬ በእግሯ ጣቶች ቆማ እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። ናሁሰናይም ዘረጋ፤ እሱም አልደረሰ።

«መስመሩ ሲወርድ የት ይደርሳል?»

«ጉልበትሽ ጋ።»

«የሚሳበውስ በምን?»

«በመዘውር። ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ።»

ሸዋዬ ወጥታ መዘውሩን አየችው። እዚያ የቆመ ሰው እጁ መቀርቀሪያው ላይ ይደርሳል። እጀታው በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። አቡ ጃቢር ኬላው ላይ ላለው ወታደር እንዲደውል ጠየቀችው። ወታደሩ አረጋገጠ፤ ሐበሻው ከነቦቴው እፊቱ ቆሞ ነበር ያረፈደው።

ረሂማ ወጥ ቤት ውስጥ በረዶ እየሰበረች ነበር። የወሎ ሴት ናት፤ ታበስላለች፣ ዶሮዎቹንም ታጠጣለች፣ ታበላለች። ሸዋዬን ስታይ ተነስታ ጉንጯን ሳመቻት።

ከጦርነቱ በፊት፣ ሁለቱም ያለ ወረቀት ሲሻገሩ፣ ሸዋዬ ድንበሩ ላይ ካለው ሸለቆ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ደላላው ጥሏት ሄደ። አብረው የመጡትም ሄዱ። ረሂማ ብቻ ተመልሳ አዘለቻት። ሸዋዬ ከዚያ ወዲህ ለዚህች ሴት የሚመጥን ምላሽ ፈልጋ አላገኘችም።

«በረዶው ለማን ነው?» አለች ሸዋዬ።

«ለተረፉት ዶሮዎች። ውኃቸው ላይ እጨምረዋለሁ። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ስኳር። የባሕሩ ነፋስ እርጥበት ይዞ ሲመጣ ደግሞ የግድግዳውን ውኃ ዘግቼ ማራገቢያውን ብቻ እተዋለሁ፤ አለዚያ እንፋሎት ይፈጃቸዋል።» በረዶውን መታችው። «አገራችን ዶሮ ሲሞቃት ዛፍ ሥር ትሄድ ነበር። እዚህ ዛፋቸው እኛ ሆነን ቀረን።»

«መኖውስ?»

«ሳይነጋ አወርድላቸዋለሁ። ፀሐይ ጠንከር ሲል እስበዋለሁ። ጥጋብ ያሞቃል። የበላች ዶሮ ቀትርን አትችልም።»

«ዛሬ ማን ሳበው?»

ረሂማ በረዶውን ስትሰብር ቆየች። «አባተ ይሆናል። እኔ አውርጄ ተኛሁ። በያሬድ ጩኸት ነው የነቃሁት።»

«ከሚል ምንሽ ነበር?»

«የወንድሜ ልጅ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «እኔ ነኝ የጠራሁት። ና፣ ሥራ አለ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሸዋዬ ሌላ ጥያቄ ነበራት። አልጠየቀችም። ወደ ዶሮ ቤቱ በር ተመለሰች፤ ያሬድንም ፈትተው እንዲያመጡት አዘዘች።

በእርባታው ላይ ያሉት እነዚሁ ናቸው፤ ሁሉም ከዶሮ ቤቱ በር ፊት ተሰበሰቡ። አቡ ጃቢር ፊት ፊት ቆሟል፤ ናሁሰናይ ከጎኑ። ረሂማ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከኋላ መጣች።

«ያሬድ» አለች ሸዋዬ፣ «የመኖውን መስመር አውርድልን።»

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አቡ ጃቢር ወደ መዘውሩ እየጠቆመ።

«የርስዎው ንብረት ነው» አለ ናሁሰናይ በዓረብኛ። «ተዋወቁ።»

ያሬድ የታሰረውን ጨርቅ ፈታ። እጀታው በኃይል ዞረ።

«ያዘው! ጥርሱ ተበልቷል፣ ያዘው!» ብላ ረሂማ ጮኸች።

ዘገየ። እጀታው ክንዱን መታው። ውስጥ ያሉት ሳህኖች ተንኳክተው መሬት ወረዱ። ረሂማ ሮጣ ደርሳ የያሬድን ክንድ ያዘች። «ና ልይልህ። አብሽር፣ አልተሰበረም። ደረትህን ሳታስደግፍ አይፈታም እኮ፣ የኔ ልጅ!»

ሸዋዬ ይህን አይታ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መናገር ጀመረች። አንዱን በአማርኛ፣ መልሳ በዓረብኛ።

«አባተን ማንም አልመታውም። ግንባሩ የተሰነጠቀው በሩን ሲገፋበት ነው። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቀለም የዚህ በር ነው። ክፍት በር ማንም በጥፍሩ አይቧጥጥም። ስለዚህ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር፤ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ደግሞ መቀርቀሪያው ተከፈተ። ያሬድ ሳብ ሲያደርገው የተከፈተው ለዚህ ነው።»

«ራሱ ቀርቅሮ ራሱ ቢከፍትስ?» አለ አቡ ጃቢር።

«ከውጭ ነው እኮ ሸኽ» አለ ናሁሰናይ። «ውስጥ ሆኖ በየትኛው እጁ?»

ሸዋዬ ቀጠለች። «መቀርቀር ሁሉም ሰው ይችላል። ስለዚህ መቀርቀሪያውን ትቼ ሽማጉን ጠየቅሁ። አባተ ሽማጉን መስመሩ ላይ የጣለው መስመሩ ጉልበቱ ጋ ሳለ ነው። እኛ ስናገኘው ግን እጃችን የማይደርስበት ተሰቅሏል። እሱ ውስጥ እያለ አንድ ሰው እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት ቆሞ፣ መኖውን ስቧል ማለት ነው። እጁ ከመቀርቀሪያው ጎን ነበር። በቅን የሳበ ሰው ቢሆን ሳብኩ ይለኝ ነበር። ሳብኩ ያለኝ የለም።»

ነፋስ የለም። የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

«ናሁሰናይ ኬላው ላይ ነበር፤ ወታደሩ መስክሯል። አቡ ጃቢር መዘውሩን ዛሬ ገና ነው ያወቁት። ያሬድ ደግሞ ይኸው፣ ክንዱ አብጧል። ይህን መዘውር ነክቶት አያውቅም።»

ከዚህ በኋላ የተናገረችው ዝግ ብላ ነው።

«የከበደኝ ሌላ ነው። ገዳይ ለምን መኖ ይስባል? ዶሮው ቀትሩን እንዲችል ነው። ሰው እገድላለሁ ብሎ የመጣ ለዶሮ አያስብም። ስለዚህ በሩ ሲቀረቀር ማራገቢያው ይሠራ ነበር። የቀረቀረው ሰው ሊገድል አልመጣም፤ ያንን ሙቀት ሊያቀምሰው ነው የመጣው። ከዚያ ፀሐይዋ ጠንከር አለች፤ እጁም በየጠዋቱ የለመደውን አደረገ። አእምሮ ቂም ይይዛል፤ እጅ ግን ሥራውን አይረሳም። ያ እጅ…»

«በቃ ሸዋዬ» አለች ረሂማ። «ኸላስ። አትድከሚ።»

የያሬድን ክንድ ለቀቀች።

«እኔ ነኝ። ትንሽ ይቅመሰው፣ የከሚልን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ይተንፍሰው ብዬ ቀረቀርኩት። መኖውን ሳብኩ፤ ዶሮዎቹ ምን አደረጉኝ? ልከፍትለት ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ መድፉ ጮኸ፣ መብራቱ ሄደ። ወደ ጄኔሬተሩ ሮጥኩ። ገመዱን ያዝኩት።» እጇን አየችው። «ያዝኩትና ቆምኩ። እሱ በሩን ይደበድባል። ከሚልም እንዲህ ደብድቦ ነበር፣ እኔ አልሰማሁም እንጂ እያልኩ ቆምኩ። ዝም እስኪል ቆምኩ።»

«ልጁን ግን ሲያስሩት አየሽ» አለች ሸዋዬ።

«አየሁ። ሹርጣው ሲመጣ እናገራለሁ እያልኩ ነበር።»

«ትናገሪ ነበር?»

ረሂማ ብዙ አሰበች። «አላውቅም» አለች።

ያሬድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ማንንም አላየም።

መንገዱ ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ተከፈተ። የሹርጣው መኪና አቧራ እያስነሳ ሲታይ አቡ ጃቢር ሸዋዬን ወደ ጎን ሳባት።

«እሷ አምናለች፣ ይበቃል። የአምናው ልጅ ወሬ አያስፈልግም። የአንቺ ኢቃማ በወንድሜ ስም ነው፤ አትርሺ።»

«አልረሳሁም» አለች።

መኮንኑ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። ያሬድን አየው። «ይህ ገዳይ አይደለም፤ ወረቀት ግን የለውም። ወደ አገሩ ይላካል» አለ። ያሬድ ይህን ሲተረጉሙለት አለቀሰ። ከሐዘን ይሁን ከደስታ ማንም አልጠየቀው።

ረሂማ ለመኮንኑ የሰጠችው ቃል አጭር ነበር። ቀረቀርኩ፣ ቆምኩ፣ ሞተ። ሸዋዬ ተረጎመችው።

«የሟች ወገኖች ይቅር ካላሉ ትሰየፋለች» አለ መኮንኑ እየጻፈ። «ለምን ቀረቀረችበት?»

ረሂማ መሬት አየች። ሸዋዬ ጥያቄውን አልተረጎመችላትም። ራሷ መለሰች። ስለ መቀርቀሪያው፣ ስለ ከሚል፣ ሞቱን ስለደበቁት ሰዎች፣ ሁሉንም በዓረብኛ፣ አቡ ጃቢር እየሰማ ተናገረች።

«ግራሩ ሥር ቆፍሩ። ታገኙታላችሁ።»

መኮንኑ ብዕሩን አነሳ። «ይህን እሷ አላለችም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አንቺ አስተርጓሚ ነሽ።»

«ከአሁን ጀምሮ ምስክር ነኝ። ስሜን ጻፍ። ዳኛው ፊት እደግመዋለሁ። የአባተ ወገኖች ይቅር የሚሉም ከሆነ ሰምተው ይበሉ።»

አቡ ጃቢር ስልኩን አውጥቶ ለወንድሙ ሲደውል ሁሉም አየው። ረሂማ ዓረብኛው ገብቷት ኖሮ የሸዋዬን ቀሚስ ያዘች።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ኢቃማሽን ይሰርዙታል። ተይኝ፣ ራስሽን አታጥፊ!»

«እኔም ሸለቆው ውስጥ ተይኝ ብዬሽ ነበር» አለች ሸዋዬ። «ልጆች አሉሽ፣ ሂጂ ብዬሽ ነበር። ሰማሽኝ?»

ረሂማ ቀሚሱን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አልሰማሁሽም» አለች።

ሸዋዬ የሹርጣውን መኪና በር ከፈተች። መጀመሪያ ረሂማን አስገባች፤ ከዚያ ገብታ ከጎኗ ተቀመጠች።